ከስሙ በፊት ጠመቃውን ጠይቁ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ፕሬዚዳንት ፑቲን አንድ ሕግ ፈረሙ። በሩሲያ ገበያ «ሻምፓንስኮዬ» የሚለውን ስም በሩሲያኛ መለጠፍ የሚችለው የአገር ውስጥ ምርት ብቻ ሆነ። ከፈረንሳይዋ ሻምፓኝ ግዛት የመጣው ግን በጠርሙሱ ጀርባ «አረፋማ ወይን» ተብሎ እንዲጻፍበት ታዘዘ። ሞዌ ሄነሲ ለጊዜው ጭነቱን አቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሕጉን ተቀብሎ ተመለሰ።

ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቀልድ አየው። ከስሙ ጠብ በስተጀርባ ግን የጊዜና የገንዘብ ጥያቄ አለ።

እርሾ ስኳር ሲበላ አልኮልና ጋዝ ይፈጠራል። ጠጅ የጣለ ሁሉ ይህን ያውቃል። የአረፋማ ወይን ጥበብ ያ ጋዝ እንዳያመልጥ ማሰር ነው። የት ታሰረ? ለስንት ጊዜ? ጣዕሙንም ዋጋውንም የሚወስነው ይህ ነው።

በሻምፓኝ ግዛት ጋዙ የሚታሰረው እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ያለቀለት ወይን ላይ ስኳርና እርሾ ተጨምሮ ይታሸጋል፤ እዚያው ዳግመኛ ይብላላል። በውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት እጥፍ ይበልጣል። የምርት ዘመን የማይጻፍበት ቢያንስ 15 ወር፣ የሚጻፍበት ደግሞ 3 ዓመት ሳይሸጥ ጓዳ ውስጥ ይቆያል። ከአተላው ጋር በከረመ ቁጥር ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። በመጨረሻም ጠርሙሱ እየዞረ አንገቱ ወደ ታች ይደፋና አተላው አፉ ላይ ተጠራቅሞ ይወጣል። ይህ ብልሃት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተገኘው በ27 ዓመቷ ባሏ በሞተባት በባርብ ኒኮል ክሊኮ ቤት ነው።

ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ እ.ኤ.አ. በ1895 ሌላ መንገድ አመጣ፤ ፈረንሳዊው ኢዩጂን ሻርማ በ1907 አሻሻለው። ሁለተኛው መብላላት በጠርሙስ ሳይሆን ግፊት በሚችል ትልቅ ጋን ውስጥ ይካሄዳል። ዛሬ አብዛኛው ፕሮሴኮ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሳምንታት ይበቁታል። ከአተላ ጋር ስላልከረመ የዳቦ ሽታ የለውም። አፕል አፕልና አበባ አበባ ይላል።

ሶቪየቶች ከዚህም አልፈው ሄዱ። በ1930ዎቹ ሻምፓኝን ለሠራተኛው ለማድረስ ወሰኑ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ወይኑ ሳያቋርጥ ከጋን ወደ ጋን እየፈሰሰ የሚብላላበትን ዘዴ ፈጠሩ። ፑቲን የጠበቁት ስም ከዚያ ታሪክ የወጣ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እዚህ ላይ ግን ተረቱ አይሠራም። ፕሮሴኮ የሚሠራበት የወይን ፍሬ ውበቱ ትኩስ ሽታው ነው፤ ዓመታት አተላ ላይ ቢቀመጥ ሽታው ይደበዝዛል። ጋኑ የተመረጠው ለርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን ለፍሬው ስለሚስማማም ነው። ፈጣኑ ዘዴ ማጭበርበር አይደለም።

ማጭበርበር የሚሆነው የሳምንቱን ሥራ በሦስት ዓመት ዋጋ መሸጥ ነው። እንደ ለስላሳ መጠጥ ጋዝ የተነፋበት ወይንም አለ፤ አረፋው ትልልቅ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጋዙ የተጨመረ መሆኑ ጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ይህ ከስም ጥበቃው ሁሉ ይልቅ ገዢውን የሚጠቅም ሕግ ነው።

ስም መቆለፍን የጀመሩት ሩሲያውያን አይደሉም። ፈረንሳይ ቀድማለች። ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮሴኮ የሚባለውን የወይን ፍሬ «ግሌራ» ብላ ፕሮሴኮን የቦታ ስም አደረገችው፤ ሌላ አገር ያንን ፍሬ ተክሎ በስሙ እንዳይሸጥ። ልዩነቱ የፈረንሳይና የጣሊያን ስም ከቦታና ከአሠራር ደንብ ጋር መታሰሩ ነው። የሩሲያው ሕግ ግን የስሙን ባለቤት ከስሙ አስወጣው።

አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ቡሹ የሚፈነዳ ሁሉ «ሻምፓኝ» ነው። በደስታ ቀን ይህ አይከፋም። ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው ግን ጠርሙሱን አዙሮ ጀርባውን ቢያነብ ይሻለዋል።