ስንደዶው በማን እጅ ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩለትን ስድስት ተማሪዎች እንዳሠለጥንለት ጠየቀኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የያዘ ሰው ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ ሬዲዮ መፈታታት የልጅነት አመሌ ነው። ልጆቹ እስከዚያ ድረስ ሥራቸው የተመለሰ መጽሐፍ መደርደርና የሚንሾካሾከውን ዝም ማሰኘት ነበር። አሁን ግን ከአዳራሹ ጥግ አራት ኮምፒዩተር፣ መበየጃ ብረትና አንድ ካርቶን አርዱይኖ ተቀምጦ፣ የፈለገ ተማሪ እየነካካ እንዲማርበት ተፈቅዷል።

አርዱይኖ ከመዳፍ የማትበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ፣ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የንድፍ ተማሪዎች ተብላ ተሠራች። ስሟን ያገኘችው ሠሪዎቿ ከሚሰባሰቡበት ቡና ቤት ነው። (የእኛዎቹ ቡና ቤቶች ምን ይወልዱ ይሆን?)

ስድስቱም ትንሿን ኤልኢዲ በአንድ ጠዋት ብልጭ ድርግም አሰኟት። ጣጣው የመጣው በማግስቱ፣ ሌሎች ተማሪዎችን እንዲረዱ ስናስቀምጣቸው ነው። የአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኤልኢዲ አልበራ አለ። ከስድስቱ ፈጣኑ ልጅ ጎንበስ ብሎ ነቀለው፤ ረጅሙንና አጭሩን እግር አቀያይሮ ሰካው፤ በራ። ልጅቷ አመሰገነች።

«ለምን በራ?» አልኳት።

አምፖሉን አላየችም፤ ልጁን አየችው።

በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የሚያስቆጥረን ከእኛ ከፍ ያለ ልጅ ነበር። አንድ ነገር ግን አይነካም፤ ስንደዶውን። ፊደሉን እየጠቆመ የሚሄደው ታናሹ ነው። ቢሳሳት «ተመለስ» ይባላል እንጂ ስንደዶው አይነጠቅም። ስለዚህ ለስድስቱ ልጆች አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ስትረዱ እጃችሁ ከኋላ ይሁን። ከ300 ዲግሪ በላይ የሚግለው መበየጃ ብቻ ነው ከሕጉ ውጭ፤ እዚያ እጅ አይጠብቅም።

የባሰው ግን «አላውቅም» ማሰኘቱ ነበር። ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ ይህን ቃል ከሚያወጣ ቢታመም ይመርጣል። እናም ሰሌዳዎቹን ሆን ብዬ አበላሸሁላቸው። ከሁሉ ያስቸገራቸው ኃይል ብቻ እንጂ መረጃ የማያስተላልፍ የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው። መብራቷ በርታለች፣ ኮምፒዩተሩ ግን ሰሌዳዋን አያያትም። ግማሽ ሰዓት ከታገሉ በኋላ ያ ፈጣን ልጅ ላቡን ጠርጎ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» አለ። ገመዱን የጠረጠረችው አጠገቡ የነበረች፣ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ ልጅ ናት።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አልተዋጠላቸውም። «እጃቸውን አጣምረው ለሚቆሙ ነው የምንከፍለው?» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ወረፋው ረዝሟል፤ መዝገባቸውም የሚጠይቀው «የተስተናገደ ተማሪ ብዛት» ብቻ ነው። «ራሱ የሠራ» የሚል ዓምድ ይጨመር ብዬ በደብዳቤ ጠየቅሁ። መልስ አልመጣም። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ግን መዝገቡ ላይ በእስክርቢቶ አስምራዋለች፤ በየቀኑም ትሞላዋለች።