ድምፁ የታፈነው የት ላይ ነው?

ሰሞኑን ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተሬ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ብከፍት ማጫወቻው ደቂቃውን ይቆጥራል፤ ድምፅ ግን የለም። ችግሩን ያዋየሁት ወጣት ባልደረባዬ መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ዶክተር፣ ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይጫን!»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ምክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ ፓርላማውንም ዘጋ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው ጦር ሲበተን ለዓመታት የተጠራቀመው ሙያ አብሮ ተበተነ። የተበላሸው የቱ እንደሆነ ሳይለይ ሁሉም እንደ አዲስ ይጫናል።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። ሙዚቃ ከፋይሉ ተነሥቶ ጆሯችን እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። ማጫወቻው ፋይሉን ፈትቶ ለድምፅ አገልጋዩ ያስረክባል። ይህ አገልጋይ ለዓመታት ፐልስኦዲዮ ነበር፤ ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2021 በፓይፕዋየር ተክቶታል። አገልጋዩ በከርነሉ ውስጥ ለሚገኘው አልሳ፣ አልሳም ለድምፅ ካርዱ ያቀብላል። እንደ ቢሮክራሲያችን ሁሉ እያንዳንዱ «እኔ አስተላልፌያለሁ» ባይ ነው። ስለዚህ በየተራ መጠየቅ ግድ ይላል።

በመጀመሪያ ፓቩኮንትሮል የተባለውን መቆጣጠሪያ ከፈትኩ። የድምፅ መለኪያው ከዘፈኑ ጋር ይዘላል፤ እንግዲያው ማጫወቻውም አገልጋዩም ነጻ ናቸው። ቀጥሎ መውጫውን አየሁ። ብዙ ጊዜ ድምፁ በኤችዲኤምአይ በኩል ድምፅ ማጉያ ወደሌለው ስክሪን ይላካል፤ የእኔ ግን በትክክለኛው መውጫ ላይ ነበር። በመጨረሻ ተርሚናል ላይ አልሳሚክሰርን አስነሣሁ። «ስፒከር» ከሚለው ዓምድ ግርጌ ሁለት «ኤም» ፊደላት ተደርድረዋል፤ ትርጉሙ «ዝም ተሰኝቷል» ማለት ነው። የ«ኤም»ን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስነካ ፊደላቱ በሁለት «ኦ» ፊደላት ተተኩ፤ ዘፈኑም ቤቱን ሞላው።

ምክሩን ተቀብለን ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን ይባክን፣ ምናልባትም ያልተገለበጠ ጽሑፍ ይጠፋ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ድምፁ ቢመለስ እንኳ ለምን እንደጠፋ ሳናውቅ መቅረታችን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ችግር ሲገጥመን ያንኑ መዶሻ እናነሣለን።

በእርግጥ እንደ አዲስ መጫን የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሥርዓት ከጥገና በላይ ሲበላሽ። ይህን ለማለት ግን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። አንድ ተቋም አልሠራ ሲል «ይፍረስ» የሚል ሁሉ፣ የታፈነው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ አሳይቶን ቢሆን ምን ነበረበት?