መልካ ላይ የቆመው ሰው

በቤታችን የወንድ አያቴ ታሪክ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «አባይን እየተሻገረ ይነግድ ነበር።» ማስረጃው ሮብ ገበያ፣ እምዬ ጓዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጠቆረ አሮጌ አቁማዳ። ልጅ ሆኜ ጭንቅላቴን አስገብቼ አሸተው ነበር፤ ቡናና ሩቅ አገር የሚሸተኝ ይመስለኝ ነበር። (የሚሸተው ቆዳ ቆዳ ነው።)

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ ሰርቨር ላይ የጫንኩት ኮድ እስኪያልቅ ስጠብቅ ስለ ወንዝ ወንበዴዎች ማንበብ ጀመርኩ። ለእኔ «ፓይሬት» ማለት ዩኒቨርሲቲ እያለን በፍላሽ የምንቀባበለው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር፣ ቢበዛ የሶማሊያ ባሕር ነበር። ለካ ወንዝም የራሱ ጉድ አለው። ስቴንካ ራዚን በ1660ዎቹ መጨረሻ ቮልጋ ላይ የነጋዴና የዛር ጀልባ ይዘርፍ ነበር። ለንደን በ1798 የቴምዝን ወንዝ ፖሊስ ያቋቋመችው ከመርከብ ላይ የሚሰረቀው ስኳርና ቡና ስላስመረራት ነው። የድሮ ነው እንዳትሉ፤ በ2011 ሜኮንግ ላይ 13 ቻይናውያን መርከበኞች ተገድለዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ መለወጡ ሰነፈኝ።)

የእኛስ? አባይ ጎጃምን በሦስት በኩል ከቦ፣ ገደል ውስጥ ገብቶ የሚሄድ አጥር ነው። ሰው ይሻገረዋል እንጂ አይሄድበትም። ስለዚህ የእኛ ወንበዴ ጀልባ አላስፈለገውም፤ መልካው ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይበቃዋል። በእኔ ሥራ ሁሉም ትራፊክ በአንድ በር ሲያልፍ እንፈራለን። በሩን የያዘ ሁሉን ይዟል።

እስቲ የሲራራውን ነጋዴ አስቡት። በ1840ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ቻርለስ ቢክ የጁቤ ተቀምጦ ስለ ባሶ ገበያ ጽፏል። ከጊቤ አገር ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይኼን ዘልዬ «ነጋዴ» የሚለውን ቃል ማሳመር አይሆንልኝም። ክረምት ወንዙ ይዘጋል። በበጋ ነጋዴው ከብርዱ ደጋ ወርዶ ወባው ቆላ ይገባል። ጭነቱ ከበቅሎ ይራገፋል፤ ዕቃው በቆዳ ይታሰራል፤ ከብቱ በዋና ይሻገራል፤ አዞው እንዲሸሽ ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወረወራል። በዚያች ሰዓት ግማሹ ሰው ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ነው፤ የመሐሉ ደግሞ እጁ ሥራ ላይ ነው። ለቀማኛ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም። ነጋዴ በነጋድራስ ሥር ተሰባስቦ የሚጓዘው ወዶ አልነበረም።

የገረመኝ ግን ኬላውም እዚያው መሆኑ ነው። የገዥው ሰው «ቀረጥ» ይላል፣ ሽፍታው «አምጣ» ይላል፤ ነጋዴው ለሁለቱም ይፈታል። ሽፍታው ቀን ከወጣለት ደግሞ ኬላው የራሱ ይሆናል። ቋራ ላይ ሸፍቶ የነበረው ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሆኗል።

በጀልባ የመጣ ሰው የተገኘው በኋላ ነው። በ1962 አባይን በታንኳ ሲወርዱ ከነበሩ ስዊሶችና ፈረንሳዮች ሁለቱ በሽፍታ ጥይት ሞቱ። በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጋበዙት የእንግሊዝ ወታደሮች ጉዞም ተተኩሶበታል። ሳነብ ልቤ ከታንኳው ጋር ነበር። የነጋዴ የልጅ ልጅ አይደለሁ?

ይኼን ሁሉ ይዤ ለጥምቀት አገሬ ገባሁ። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። እምዬ ምድጃው ጥግ ድንች ትልጣለች።

«እምዬ፣ አባባ አባይ ሲሻገሩ ሽፍታ ገጥሟቸው ያውቃል?»

ሳቀች። «እሱን? እሱን ማን ይገጥመዋል? እሱ ነው እንጂ የሚገጥማቸው!»

ቢላዋዋ አልቆመም። ከጣሊያን በኋላ ጠመንጃ የሌለው ወንድ አልነበረም አለች። ሁለት በጋ ብቻ ነው አለች። በኋላ ምሕረት ጠይቆ ገባ፤ የነገደውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው የማያውቀው ምሥጢር ስለሆነ አይደለም ያልነገረችኝ፤ ማንም ስላልጠየቃት ነው።

«አቁማዳውስ?»

«የነጋዴ ነዋ።»

«የማን ነጋዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ ስሙን መቼ ጠየቀውና?»

ሰውዬው ተሻገረ ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እስካሁን ብዙ ጊዜ ደውዬላታለሁ፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ድንቹ ዋጋ እናወራለን።

በማግስቱ ጠዋት ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ አውርድልኝ አለችኝ። ያለው አቁማዳው ውስጥ ነው። ከበደኝ፤ በሁለት እጄ አቅፌ አወረድኩላት።