ዝንጀሮን ከመክሰስ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ሮበርት ጋሎና ባልደረቦቹ በሰው ላይ የደም ካንሰር የሚያመጣ ሬትሮቫይረስ አገኘን አሉ። ሌሎች መልሰው ሲመረምሩት የጦጣና የዝንጀሮ ቫይረሶች ቅልቅል ሆኖ ተገኘ፤ ናሙናው ተበክሎ ኖሯል። ሌላው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀር ነበር። ጋሎ ግን በ1980 እውነተኛውን፣ ኤችቲኤልቪ-1ን ይዞ መጣ።

*

ጥቁር ባሕር ዳር፣ ሱኩሚ ላይ ሶቪየቶች ትልቅ የዝንጀሮ ምርምር ጣቢያ ነበራቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የደም ካንሰር ሕመምተኞችን ደም ዝንጀሮዎቹን ወጓቸው። ዝንጀሮዎቹም በሊምፎማ ይረግፉ ጀመር፤ ወረርሽኙ ለዓመታት ቀጠለ። የሰው ካንሰር ወደ እንስሳ ተሻገረ ተባለ። በ1990ዎቹ በዝንጀሮዎቹ ላይ የተገኘው የኤችቲኤልቪ-1 ዘመድ ቫይረስ ዘረመል ሲነበብ ግን የሰው አይደለም፤ የእስያ የሪሰስ ጦጣ ቫይረስ ነው። ይህ ሁሉ ዓመት መርፌው ሲከሰስ፣ ጥፋቱ የጎረቤት ጦጣ ሳይሆን አይቀርም።

*

የጃፓን ጦጣዎችም የኤችቲኤልቪ-1 ዘመድ አለባቸው። ታዲያ ጃፓናውያንን ኤችቲኤልቪ-1 ያስያዙት እነሱ ናቸው? ካርታው እሺ አይልም። ጦጣዎቹ ቫይረሱን በየክልሉ ይዘውት ይኖራሉ፤ ሰዎቹ ላይ ግን የበረታው ደቡብ ምዕራብ፣ ኪዩሹ አካባቢ ነው። እዚያ ዋናው መንገድ የእናት ጡት ወተት ነው፤ ናጋሳኪ ከ1987 ጀምሮ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች ጡት እንዳያጠቡ ትመክራለች። ከተሸካሚዎቹ ካንሰር የሚይዛቸው ከመቶ አምስት ቢሆኑ ነው፤ እሱም ከአሥርት ዓመታት በኋላ። ለዘመናት ሳይታወቅ መኖሩ አያስገርምም።

*

በ1994 ቤልጅየም ውስጥ ከኤርትራ በመጣ ሀማድሪያስ ዝንጀሮ ላይ የእነዚህ ቫይረሶች አዲስ ዓይነት ተገኘ፤ ኋላ ኤስቲኤልቪ-3 ተባለ። በ2002 የኢትዮጵያ የዱር ዝንጀሮዎች በብዛት እንደያዙት ታወቀ፤ ኋላም በጭላዳ ላይ ተገኘ። ስለ ጭላዳ ጎፈርና ቀይ ደረት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ደሟ ግን የሚያወራ እምብዛም የለም።

*

የዚያ ዓይነት የሰው አቻ፣ ኤችቲኤልቪ-3፣ በ2005 ካሜሩን ደን ውስጥ ተገኘ። እስካሁን በሰው ላይ በሽታ ሲያመጣ አልታየም። እንዲህ ያሉ ቫይረሶች ወደ ሰው ለመሻገራቸው ሰው ሁሉ የዱር ሥጋ መብላትን ይወቅሳል። በመካከለኛው አፍሪካ አዳኞች ላይ የተደረገ ጥናት ግን የዝንጀሮና የጦጣ ዘመድ ከሆኑ እንስሳት ቫይረስ ከመያዝ ጋር ጎልቶ የተያያዘው ንክሻ መሆኑን አሳይቷል፤ ያውም ከባድ ንክሻ። ስለዚህ «እኛ ዝንጀሮ አንበላም» የሚለው መጽናኛ ብዙ አያስኬድም፤ ማሳ የሚጠብቅ ልጅም ይነከሳል።