ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነውን?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቀን ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ የደረሰብኝ ኀፍረት ነው። ኀፍረቱን በቦታው እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን የነገሩን መነሻ ልግለጽ።

ሦስት ነበርን። አንዱ ጓደኛዬ የእጽዋት ጥናት ተማሪ ስለ ሆነ ለመምህሩ የሚያቀርበው የዛፎች ዝርዝር ነበረበት። ሁለተኛዋ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት። እኔ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ነኝ። የሄድነው ለፈተና ልናጠና ነው ተብሎ ነበር። ይሁንና እኔ በስታትስቲክስ መጽሐፌ መካከል አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ሸሽጌ ነበር፤ እኅታችንም በስልኳ ውስጥ ሁለት ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ይዛ መምጣቷ በኋላ ታወቀ። እንግዲህ ከሦስታችን ለትምህርት የሄደው ዛፍ ቆጣሪው ብቻ ነበር ማለት ነው።

ማዕከሉን ያላየ ተማሪ ቢኖር ሄዶ እንዲያየው እመክራለሁ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፤ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ 705 ሔክታር ያህል መሬት የያዘ ቦታ ነው። ቀድሞ ብዙው ክፍል ባሕር ዛፍ ነበር፤ በኋላ ግን ባሕር ዛፉ እየተነሣ በምትኩ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌላውም አገር በቀል ዛፍ ሲተከል ቆይቷል። ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ከተማው አለ፤ ጩኸቱ ግን የለም። ለማጥናት የተመቸ ነው፤ ላለማጥናትም እንዲሁ።

የስታትስቲክስ መጽሐፌ ከጉልበቴ ሲወድቅ የተሸሸገው ወጣ። ዛፍ ቆጣሪው አንሥቶ ሽፋኑን አየና እንደ ዳኛ ቆመብኝ።

«ለመሆኑ እናትህ ዶሮ ሸጣ የምትልክልህ ይህን እንድታነብ ነው?» አለኝ።

ከዚያም ሦስት ክስ አቀረበ። አንደኛ፤ የፍቅርና የምትሐት ልብ ወለድ ጊዜ ያጠፋል እንጂ ዕውቀት አይሰጥም አለ። ሁለተኛ፤ ከውጭ የመጣ ነገር ነው እንጂ ከኛ አፈር የበቀለ አይደለም አለ። ሦስተኛ፤ ስለ ፍቅር ውሸት ያስተምራል አለ። እኔና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ ባንድ ወገን ሆነን ተከራከርነው። ክርክሩን ለናንተም አቀርባለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ክስ በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማ ነው።

በሁለተኛው ልዠምር። የመዠመሪያው ያማርኛ ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት ነው። ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ስለ ነበር ዛሬ ይህን የድርሰት ዓይነት የምንጠራበት ስም እንኳ ከዚያ የተወሰደ ነው። ታሪኩስ ስለ ምንድር ነው? ጦቢያ የምትባል ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትንከራተት፤ ምርኮና ባርነት፤ በመጨረሻም ከንጉሥ ጋራ ጋብቻ! ይህ የፍቅርና የጀብዱ ድርሰት ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» ብለው ጻፉ፤ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም አልወጣም ብሎ የሚከራከር ሽል ፈጠሩ። መጽሐፉ ታገደ። ምትሐት ሁሉ የሕፃናት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ባልደነገጠ ነበር። ስለዚህ የኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ ከፍቅር፤ ጥርስ ሲያወጣም ከምትሐት ጋራ ነበር።

ጓደኛዬ ግን አልተሸነፈም። «ያ ያለፈ ነው። ዛሬ በስልክ የምታነቡት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ እንደ ባሕር ዛፉ አገር በቀሉን ያደርቃል» አለ።

በዚህ ጊዜ እኅታችን ሣቀች። «ባሕር ዛፍን ባትነካው ይሻልህ ነበር። በ1880ዎቹ ባይመጣ ኖሮ እንጨት አልቆ ከተማው ወደ ሌላ ሊሄድ አልነበረምን? የዚህ ከተማ እናቶች ስንት ዘመን እንጀራ የጋገሩት በምኑ ነው? ትርጕምም እንዲሁ ነው» አለችና ስለ ነቢይ መኮንን አነሣች። እሳቸው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስረው ሳሉ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጐሙት፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የፍቅር ታሪክ ነው፤ የአሜሪካ ደግሞ። ነገር ግን ነገን ማየቱን በማያውቅ እስረኛ እጅ፤ በብጥስጣሽ ወረቀት፤ ቃል በቃል ተለቅሞ የተጻፈ ነገር «ጊዜ ማጥፊያ» ይባላልን? ጊዜ ከእስር ቤት በላይ የት ይጠፋል? እዚያ ጊዜውን ያዳነው ይኸው የተናቀው ልብ ወለድ ነበር። ዛፍ ቆጣሪው በዚህ ላይ መልስ አልሰጠም፤ ቅጠል እያገላበጠ ዝም አለ።

አሁን ወደ አዲሶቹ እንምጣ። እኅታችን በስልኳ የያዘቻቸው መጻሕፍት በብዙ አገር ወጣቶች ዘንድ የሚነበቡ ናቸው። አንዱ የሣራ ጄ. ማስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሲሆን ርእሱን «የእሾህና የጽጌረዳ አደባባይ» ብለን ልንተረጕመው እንችላለን። አዳኝ የሆነች አንዲት ድኻ ልጅ ተኵላ ትገድልና የምትሐተኞች አገር ትወሰዳለች። ሁለተኛው የሬቤካ ያሮስ «ፎርዝ ዊንግ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ዘንዶ የሚጋልቡ ወታደሮች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ታሪክ ነው፤ በመግቢያው ቀን በጠባብ ድልድይ መሻገር ያቃተው ተማሪ ገደል ገብቶ ይሞታል። ይህን ሲሰማ ዛፍ ቆጣሪው የኛን የመዠመሪያ ዓመት ማማረሩን ትቶ «ለካስ ተመስገን ነው!» አለ።

እኔ በነዚህ ላይ ያለኝ አሳብ ይህ ነው፤ ምትሐት ዋጋ ማስከፈል አለበት። ጀግናይቱ ጣቷን ባነሣች ቍጥር ተራራ የሚናድ ከሆነ አንባቢው ምን ይፈራል? «ፎርዝ ዊንግ»ን የወደድሁት ስለ ዘንዶው አይደለም፤ ልጅቱ አጥንቷ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኗ እያንዳንዱን እርምጃ በሥቃይ ስለምትገዛው ነው። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በተረታቸው ጅብ የሚጋልብ ሁሉ ሳይከፍል አይወርድም፤ ክታብ የሚጻፍለትም ሰው ቢያንስ ዶሮ ይጠየቃል።

ከአገራችን አዲሶች መካከል በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የጣናን ገዳማት ከዘመኑ ሳይንስና ከስለላ ጋራ ያገናኘ ድርሰት ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በሁለት ሌሊት ጨረስሁት፤ በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ተኝቼ ተቀጣሁ። ዛሬ ሳነበው ሰዎቹ ከመጠን በላይ ብልሆች ሆነው ይታዩኛል፤ የሚሳሳት ሰው ይናፍቀኛል። ነገር ግን አንድ የገጠር ልጅ በገዛ ቋንቋው፤ በሚያውቀው ሐይቅ ሥር፤ ያልታየ ዓለም እንዲያይ ያደረገውን ድፍረት አልክድም።

ሁለተኛው የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ነው፤ ወደ መንዝ ስለ ተደረገ ጕዞና ስለ ጥንት ምስጢር ይተርካል። ስሙን ስጠራ ዛፍ ቆጣሪው ብድግ አለ።

«የትኛው ዓለማየሁ ዋሴ? የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት?»

«አዎን፤ እሳቸው ናቸው» አልሁት።

«የሳቸውን ጥናት እኮ ለኮርሳችን አንብበነዋል! ልብ ወለድ ይጽፋሉ?»

ውድ አንባብያን፤ የጓደኛዬን ፊት ባያችሁት! የሚያከብራቸው የደን ሊቅ የተከሰሰው ወገን ሆነው ተገኙ። እኔ ግን ይህ ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም። «እመጓ»ን ሳነብ ምስጢሩን ያመንሁት በመንገዱ ምክንያት ነው፤ ብርዱን፣ ገደሉንና ዛፉን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ስለ ሆነ ቀጥሎ የሚመጣውንም እንዳምን ያደርገኛል። የሚታየውን በትክክል የጻፈ ሰው የማይታየውን ቢነግረን እንሰማዋለን። ይኸው የመዠመሪያው ክስ መልስ ነው፤ ዕውቀትና ልብ ወለድ ጠላቶች አይደሉም።

ስለ ፍቅር መጻሕፍት ደግሞ የምመዝንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው ምንድር ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የለያያቸው ያባቷ የዘር ኩራትና ያን ኩራት የተሸከመው ሥርዓት ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በጻፈው «ኦሮማይ» የጸጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር የከበበው ጦርነት ነበር፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ዛሬ ከማነባቸው ብዙዎች ውስጥ ግን የሚለያያቸው አንድ ያልተነበበ የስልክ መልእክት ነው። «ይህ እኮ እኅቴ ናት» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር መጽሐፉ በአርባኛው ገጽ ባለቀ ነበር። ይህ ፍቅርን አያሳይም፤ የወረቀት ብክነትን ነው እንጂ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምታውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምታ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰብለን የምታነሣት እንደ ጎረቤት ልጅ ነው፤ «ያቺ ምስኪን» ትላለች። ባንድ ወቅት እኅቴን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ዘር ማንዘር ሲቈጥሩ እናቴ ድንገት «እኔ ፊታውራሪ መሸሻ አይደለሁም፤ ልጅቱን ጠይቋት» አለች። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ፤ ልጅቱም ተጠየቀች። ይህን ስነግረው ዛፍ ቆጣሪው ስለ ዶሮው የተናገረውን እንዳነሣ ቈጠርሁለት።

ክርክሩን ያሸነፍን መስሎኝ ነበር። ጓደኛችን የቀሩትን ዛፎች ሊቈጥር ሽቅብ ሲወጣ እኔና እኅታችን ቀጋ አጠገብ ቀረን። ቀጋ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ እረኞች ፍሬውን ይለቅሙታል፤ እሾሁም ሳያስከፍል አይሰጥም። እሷም ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከሳምንት በፊት እኔው የሰጠኋት ደብዳቤ ነበር።

«ደብዳቤህ ቆንጆ ነው፤ ግን የስንተኛው ምዕራፍ እንደ ሆነ ልንገርህን?» አለችኝ።

መሬት ብትከፈት በገባሁ! ሁለት አንቀጽ ከአንድ ልብ ወለድ ገልብጬ ስሟን ብቻ ለውጬ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መሆኗን እንዴት ዘነጋሁት? እሷ ግን አልሣቀችም፤ ቢሣቅብኝ ይቀለኝ ነበር።

«ያ ሰው የሚወዳትን አውቃታለሁ፤ እኔ አይደለሁም። አንተ ራስህ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

ምንም አላልሁም። የሚባል ነገር አጥቼ አይደለም፤ የገዛ ቃሌ ከመጽሐፉ አጠገብ ሲቆም ድኻ ሆኖ ስለ ታየኝ ነው። እንግዲህ ሦስተኛው ክስ እኔን በሚመለከት እውነት ሆኖ ተገኘ። ልብ ወለዶቹ አልዋሹኝም፤ እኔ ነኝ በነሱ ቃል የዋሸሁ። በዓሉም ሐዲስም የጻፉት የገዛ ዘመናቸውን ነው፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ልብ ተውሼ የራሴን ለማዳን ሞከርሁ። የእናቴ ንባብ ከኔ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ እሷ ሰምታ ተናገረች እንጂ አልገለበጠችም።

ከዚያ ወዲህ ማንበቤን አልተውሁም። ነገር ግን መጽሐፍ ስዘጋ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ይህ ሰው የከፈለውን እኔ እከፍል ነበርን?

ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አራት መስመር ነው፤ ሁለት ስሕተት አለበት፤ ከየትም አልተገለበጠም። መልሱን እዚህ አልጽፍም፤ ይህች መጽሔት በታደለች ማግሥት በየመኝታ ክፍሉ ጮክ ተብላ እንደምትነበብ አውቃለሁና። በቀረው ግን የሚቃወመኝ ቢኖር በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍብኝ፤ በገዛ ቃሉ ብቻ ይሁን።