ድምጹ ይጮሃል፣ ንግግሩ አይሰማም

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሰንዳፋ ትገኛለች። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በተሠራ አንድ አዲስ ቤት ሳሎን ውስጥ የምሽቱ የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር በየቀኑ የሚደገም ነገር ነበር። ልጅ ሪሞቱን አንስቶ ድምጽ ይጨምራል። አባት ደግሞ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከማዕዘኑ ሶፋ ይነሳሉ።

«አባዬ የት ሊሄዱ ነው? ዜናው እኮ ጀመረ።»

«ይጩህ። እኔ ልተኛ።»

አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 80 ተጠግቷል። ዜና ሳይሰሙ የማይተኙ፣ በአማርኛ የሰሙትን በኦሮምኛ ደግመው ካልሰሙ የማያምኑ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ በተከራዩት ጠባብ ቤት ሳሉ ከወፍራሙ አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው ከዜና አንባቢው ጋር ይከራከሩ ነበር። ወደ ሰንዳፋው ሰፊ ቤት ከገቡ ወዲህ ግን ዝም አሉ። ቤተሰቡም አረጁ ብሎ ተቀበለው።

አንድ እሁድ ከሰዓት ሁሉም ተሰብስበው ድራማ ሲያዩ አንዷ ተዋናይ «ወንድምሽ መጣ» አለች። አባት ቀና ብለው «ማንን ነው የመታው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሽማግሌው መጠየቅ አቆሙ። ሌላው ሲስቅ ትንሽ ዘግይተው ይስቃሉ፣ ሌላው ሲያዝን ከንፈራቸውን ይመጣሉ። በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ።

ልጅ ይህን ያስተዋለው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ወደ ሐኪም ወሰዳቸው፤ ትክክልም አደረገ። የጆሮ ኩክ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር አይታወቅም። ውጤቱ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመስማት ድካም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ25 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ማዳመጫ መሣሪያ ተሰጣቸው። ያደርጉታል፣ እንግዳ ሲመጣ ግን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ።

ይህ ድካም መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምጽ ነው። ወፍራሙ ይቀራል። ንግግር ውስጥ ጉልበት ያላቸው አናባቢዎቹ ናቸው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ጠ የመሳሰሉት ደካማና ቀጫጭን ድምጾች ናቸው። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት ምላስ ጫፍ ላይ በምትፈነዳ አንዲት ድምጽ ነው። ሽማግሌው አልደነቆሩም። ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማሉ፤ ምን እንዳለ ነው የማይሰሙት።

ልጅ ይህን ካወቀ በኋላ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረገ። መርካቶ ወርዶ «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የፒኤምፒኦ ቁጥር አይቶ አመነ። ይህ ቁጥር ወጥ መለኪያ የሌለው የሻጭ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ዋት እንኳ ቢሆን እንደሚመስለን አይሠራም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምጹ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ጮኾ እንዲሰማ ወደ 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። የሁለት ወር ደመወዝ የፈጀው ሆም ቴአትር ሲገጠም ባሱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ልጆቹ ጨፈሩ። አባት አሁን ጭራሽ ራስ ምታት ያዛቸው።

ነገሩን የፈታው ዲሽ የሚያስተካክል የሰፈር ልጅ ነው። የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ሽማግሌው ዜናውን ትተው ሲነሱ አይቶ «አባባ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ዓይንዎን ይጨፍኑና ሰውዬው ከየት እንደሚናገር በጣትዎ ያሳዩኝ» አላቸው። አባት ጨፍነው በስተቀኝ፣ መስኮቱ ሥር ወደቆመው ረጅም ስፒከር ጠቆሙ። ዜና አንባቢው ግን ስክሪኑ መሃል ነበር።

ስቴሪዮ የሚባለው አሠራር መሃል ላይ ስፒከር የለውም። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምጽ እኩል ሲያወጡ ጆሮ መሃል ላይ ሰው ያለ ይመስለዋል። ይህ የሚሆነው ግን ከሁለቱ እኩል ርቆ ለተቀመጠ ሰው ነው። ወደ አንዱ የቀረበ ሰው ድምጹን ከቅርቡ ሳጥን ብቻ የሚመጣ አድርጎ ይሰማዋል። በዚያ ላይ ከሩቁ ሳጥን የሚመጣው ያው ድምጽ ዘግይቶ ይደርስና ቀጫጭኑን ክፍል ያደበዝዘዋል። የኛ ሳሎን ደግሞ እንዴት ነው? ሶፋው በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ይደረደራል፣ መሃሉ ለጠረጴዛና ለቡና ይተዋል። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል የሚርቀው ቦታ ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ቢሆን ነው። ሌላው ሁሉ ጥግ ላይ ነው፤ አባትም ፀሐይ የምትገባበትን ማዕዘን ይወዱታል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 የቤል ላብራቶሪ መሐንዲሶች የፊላደልፊያን ኦርኬስትራ በስልክ መስመር ወደ ዋሽንግተን አዳራሽ ሲያስተላልፉ ግራ፣ መሃልና ቀኝ ብለው ሦስት መስመር ዘረጉ። በ1940 የወጣው የዲዝኒ «ፋንታዥያ» ፊልምም ከስክሪኑ ጀርባ ሦስት ስፒከር ይዞ መጣ። የሲኒማ ስክሪን በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ሲሆን መሃለኛው ስፒከር ከጀርባው ይቆማል። አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከእሱ ነው፤ ጥግ ላይ ትኬት የገዛም ሰው ቃሉን ከተዋናዩ አፍ እንዲሰማ። የአሮጌው ቴሌቪዥን ምሥጢርም ይኸው ነበር። ስፒከሩ ከስክሪኑ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ የተቀመጠ ነበር። የዛሬው ስስ ቴሌቪዥን ግን ስፒከሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞሮ ለግድግዳ ነው የሚያወራው።

የሰፈሩ ልጅ «መሃለኛዋ ስፒከር የታለች?» ብሎ ጠየቀ። ቡፌው ታችኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከመስታወት በር ጀርባ፣ ከሠርግ ፎቶ ኋላ ተገኘች። ጆሮውን አስጠጋ። ዝም ብላለች። አምፕሊፋየሩ «ስቴሪዮ» ላይ ስለነበረ ድምጽ አይሄድላትም ነበር። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚያሰራጩት በሁለት ቻናል ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለቱን አነጻጽሮ የጋራ የሆነውን ድምጽ፣ ማለትም ንግግሩን፣ ወደ መሃል እንዲልክ «ፕሮ ሎጂክ» ወይም «ዶልቢ ሰራውንድ» የሚለው ላይ መደረግ አለበት። ሪሞቱ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ትንሿ ሳጥን ተናገረች። ድምጿ ግን ከጣሳ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። በጣም ትንሽ ነበረች። የወንድ ድምጽ መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የቡና ስኒ የምታህል ስፒከር ያንን አትሸከምም።

ስለዚህ ልጅ እንደገና መርካቶ ወረደ፣ አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ። አንደኛ፣ ከግራና ከቀኙ ጋር አንድ ሠሪና አንድ ዓይነት ይሁን። ካልሆነ ሰው ከስክሪኑ ግራ ወደ መሃል ሲራመድ ድምጹ የሌላ ሰው ይሆናል። ሁለተኛ፣ በቁመት ሳይሆን በጎን የተሠራውን፣ ሁለት እኩል ስፒከር ግራና ቀኝ፣ ትንሿ ደግሞ መሃል ያለችበትን ዓይነት ተጠንቀቅ ተብሏል። ቄንጠኛ ነው፣ ቡፌ ላይም ያምራል። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ጥሩ ነው። ጎን ለተቀመጠ ግን የሁለቱ ድምጽ እኩል ስለማይደርስ ከንግግሩ ከፊሉ ይጣፋል። ዙሪያውን ሶፋ ላለው ቤት የሚሻለው የቀጭኑ ድምጽ ስፒከር ከንግግሩ ስፒከር በላይ የቆመበት ሳጥን ነው፤ እሱ ከጠፋ የግራውንና የቀኙን እኩያ ሦስተኛ ሳጥን ማቆም። ሁለት ቀን ዞሮ ያገለገለ፣ ከዚያው ሠሪ የሆነ አገኘ።

ቦታው ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ሆነ። ቴሌቪዥኑ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ነበር። አወረዱት። ስፒከሩ ከስክሪኑ ሥር ቡፌው ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱ ከቡፌው ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ። ወደ ኋላ ከተገፋ ድምጹ መጀመሪያ እንጨቱን ይመታል። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል አንድ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ከፊት በኩል ቁራጭ ጎማ ሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ቀና ተደረገ። እናት ዳንቴላቸውን አምጥተው አለበሱት። ልጅ አነሳው፣ እናት መለሱት። በመጨረሻ ዳንቴሉ ከላይ ይሁን፣ ወደ ፊት ግን አይውረድ፤ የአበባው ማስቀመጫም ስለሚንቀጠቀጥ ሌላ ቦታ ይሂድ ተብሎ እርቅ ወረደ።

የቀረው ቤቱ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጂፕሰም፣ ግድግዳው ግማሹ መስታወት። የሰፈሩ ልጅ መሃል ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ተመላልሶ መጣ። እንዲህ ባለ ቤት አንዱ ቃል ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። አባት አዲሱ ቤት ሲገቡ «ያረጁት» ለዚህም ነበር። ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ፣ ከቡፌውና ከሶፋው መካከል ምንጣፍ ተነጠፈ። ለሰንዳፋ ብርድም ቢሆን አይከፋም።

በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ ላይ ከእያንዳንዱ ስፒከር እስከ አባት ሶፋ ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ገባ፣ የድምጾቹ መድረሻ ጊዜ እንዲስተካከል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ባስ ለሰብዉፈሩ ተተወ፣ መሃለኛው ንግግሩን ብቻ እንዲሸከም። የመሃሉ መጠን ከሌሎቹ 3 ዴሲቤል ከፍ አለ።

2 ሰዓት ሆነ። ዜናው ጀመረ። አባት ማዳመጫቸውን እንዳደረጉ ማዕዘናቸው ላይ ነበሩ። ሁሉም ስክሪኑን ትቶ እሳቸውን ያያል። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን አነሱ።

«ምነው አባዬ?»

«ቀንሰው። ለምን ታስጮኸዋለህ?»

ከዚያ ሪሞቱን ራሳቸው ያዙት። ዜናው ሲያልቅ «ይሄ ሰውዬ ባለፈው ያለው ሌላ ነው፣ ዛሬ የሚለው ሌላ!» ብለው ከቴሌቪዥኑ ጋር መከራከር ጀመሩ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ልጃቸውን «ትናንት ያለውን ሰምተሃል?» አሉት። ልጅ አልሰማም ነበር። እሳቸውን ሲያይ ነበር ያመሸው።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ይመስላል። ግን ማንኛውንም የስብሰባ አዳራሻችንን ያስቡ። የስፒከር ክምር በመድረኩ ግራና ቀኝ ይቆማል። የአገር ሽማግሌዎች ለክብር ተብሎ ፊት ለፊት፣ መሃል ረድፍ ይቀመጣሉ። ያ ቦታ ግን በሁለቱ ክምሮች መካከል የቀረ ክፍተት ነው፤ ጩኸቱ በራሳቸው ላይ አልፎ ከኋላ ያለውን ወጣት ያገኛል። ባለሙያ የገባበት መድረክ ጠርዝ ላይ ለፊተኛው ረድፍ ትናንሽ ስፒከሮች የሚደረደሩት ለዚህ ነው። በኛ ዘንድ ሲጨመር የሚታየው ክምሩ ነው። ከዚያም ሽማግሌው አስተያየት ሲጠየቁ ከርዕሱ ውጭ ይናገራሉ፣ ወጣቱም ጎረቤቱን ጎሸም አድርጎ ይስቃል። ያልተሰማቸውን ነገር እንዴት ይመልሱ?

ምርቃታቸውን እንፈልጋለን፣ ምክራቸውን እንጠይቃለን። አገር ሲወራ ግን ወሬው እንደደረሳቸው አናረጋግጥም። ዝምታቸውን እርጅና እንለዋለን። የሰንዳፋው አባት ዝም ካሉበት የመለሳቸው ተአምር አልነበረም። አንድ የሰፈር ልጅ እሳቸው በተቀመጡበት ጥግ ቁጭ ብሎ ከዚያ ምን እንደሚሰማ ማዳመጡ ነው። ዛሬ ማታ ዜናው ሲጀምር ሪሞቱን ከማንሳትዎ በፊት አባትዎ ወይም እናትዎ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ለአንድ ደቂቃ ይቀመጡ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሰውዬው የሚናገረው ከየት ነው?