«ፀሐይ» እና ሠሪዎቿ

በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ አከርማን ሆል የሚባል ሕንፃ አለ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የበረራ ምህንድስና የሚያስተምርበት ቤት ነው። ከክፍል ወደ ሌሊት ሥራ፣ ከሌሊት ሥራ ወደ ክፍል ስንመላለስ በደጁ ሺህ ጊዜ አልፈናል፤ ለመጐብኘት ብለን በአንድነት የሄድነው ግን «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከኢጣልያ ወደ አገሯ መመለሷ በተሰማ ሰሞን፣ በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ ነው።

የሕንፃውን ባለስም በአጭሩ እናስተዋውቅ። ጆን አከርማን ከላትቪያ የመጣ ስደተኛ ነበር። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ሞሃውክ በተባለው የሚኒያፖሊስ ቀላል አውሮፕላን ፋብሪካ በዋና መሐንዲስነት ሠርቷል። ሞሃውክ በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ማብቂያ «ፒንቶ» የምትባል፣ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ያወጣ ነበር። ከዚያ የ1929ኙ የገበያ ውድቀት መጣ፤ ፋብሪካውም ብዙ አልቆየ። ሰውዬው ግን ዕውቀቱን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባና የበረራ ምህንድስናውን ትምህርት ክፍል አቋቋመ፤ በ1930ዎቹም ጅራት የሌላት የሙከራ አውሮፕላን ሠራ። ለሞሃውክ መታሰቢያ የቆመ ሙዚየም ፈልገን ስላላገኘን ይህንኑ ሕንፃ ሙዚየማችን አደረግነው። መግቢያ አይከፈልበትም፤ የሚጐበኘውም የሚማሩት ልጆች ናቸው።

ወደ «ፀሐይ» እንመለስ። የተሠራችው በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ያሠሯት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ መሐንዲሷ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር፣ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ስም ነው። የመጀመሪያይቱ አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈች ገና ሰባት ዓመት አልሞላም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ዘመኑን አስበው። የፋሽስት ጦር በሰሜንና በደቡብ እየገፋ፣ ከሰማይ የመርዝ ጋዝ በወገን ላይ እየዘነበ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጦ የአውሮፕላን ክንፍ የሚለካና የሚገጥም ሰው ነበረ! ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ከተማይቱን ያዘ። የተሠራችበትና የተማረከችበት ዓመት አንድ ሆነ። ወደ ኢጣልያ ተጋዘች፤ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥም ለብዙ ዓመታት ለጐብኚ ታየች።

ከመካከላችን አንዱ በዚሁ ሕንፃ የሚማር ነው። ደስታችንን ሲሰማ ቆይቶ፣ «መሐንዲሱ ጀርመን፣ ሞተሩ የውጭ፤ ታዲያ ምኗ ነው የእኛ?» አለን። የቆምነው የላትቪያው ስደተኛ ስም በተጻፈበት ደጅ ስለ ነበር መልሱ ሩቅ አልነበረም። «ፒንቶ»ን የላትቪያ ናት የሚላት ሰው በዚህ አገር የለም። የሚኒያፖሊስ ናት፤ የተሠራችው በሚኒያፖሊስ ሠራተኞች እጅ ነውና።

እሱ ግን በዚህ አልረካም፤ እኛም ብንሆን እውነቱን ለመናገር አልረካንም። የዌበርን ስም መጻሕፍት ይዘውታል። መሣሪያ ያቀበሉት፣ የያዙ፣ የገጠሙ የአዲስ አበባ ልጆች ስማቸው ከአውሮፕላኗ ጋር ሲጠራ አልሰማንም። ኢጣልያ የመለሰችው አውሮፕላኗን ነው፤ ሥራ ቤቱን ማን ይመልሰዋል? ሞሃውክ ቢዘጋ መሐንዲሱ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያወቀውን ለሌላ አስተላለፈ። በእኛ አገር ግን ወራሪው ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ፈጀ፤ ሙያ የሚቀበልም የሚያቀብልም ትውልድ ተቈረጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የአገር ልጆችን ለጥገናና ለበረራ አበቃ። በ1970ዎቹ ማብቂያም በአሜሪካዊቷ አግ ካት ንድፍ «እሸት» የተባለችውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ገጣጠመ። ከ«ፀሐይ» እስከ «እሸት» ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው። ይህን ክፍተት በመስተዋት ሣጥን አስቀምጦ የሚያሳይ ሙዚየም ቢኖር እኛ ፊተኞቹ ጐብኚዎች በሆንን።

ጓደኛችን ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ከሕንፃው ወጥተን በብርድ ባቡር ስንጠብቅ፣ «እኔስ ብመለስ የትኛው ሥራ ቤት ገብቼ ልሠራ ነው?» ሲል ጠየቀን። አንዳችን «ቢሾፍቱ» አልነው፤ ሌላው «መጀመሪያ እዚህ ዐሥር ዓመት ሥራና የምታስተምረው ይኑርህ» አለው፤ ሦስተኛው ዐሥር ዓመት ብሎ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ስለ ቈየ የሠፈራችን ሰው አነሣ። ባቡሩ መጣ። በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወደ ሴንት ፖል እየወሰደን ስኔሊንግ ስንደርስም ክርክሩ አልበረደም ነበር።